በእኔ ቁመት የተለካው ከዘራ

ቪያርሜዶን ለማየት ለምታስቡ ሰዎች ምክሬ አጭር ነው፤ ቅሩ። መንደሩ ከማድሪድ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሦስት ቀን በእግር ነው። ሲደርሱበት አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቡና ቤትና አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት አለው። ይህን ሁሉ ከሳን ሆዜ ወደ ፍሬዝኖ ስትነዱ ነዳጅ ልትሞሉ ስትቆሙ ታዩታላችሁ። እኔ የሄድኩት በመጽሐፍ ምክንያት ነው። በመጽሐፍ ምክንያት የተሠራ ነገር እንደሚሆነው ሁሉ ጉዞው ያሰብኩትን አልሆነም።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከዓመታት በፊት ኦክላንድ ውስጥ ነው፤ ሌክ ሜሪት ዳር ካለው ቤቴ ፊት ለፊት፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ ከሚጥልበት አጥር ሥር። ደራሲው በወጣትነቱ ቪያርሜዶ ላይ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ ሦስት ክረምት በብርድ የተቀጣ ሰው ነው። ሲወጣ ተበቀለ። መንደርተኛውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰድብ ልብ ወለድ ጻፈ። አንዷ ለሚያጣጥር ሰው እንኳ ወይን በውሃ አቅጥና ትሰጣለች፤ አንዱ የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል፤ ሁሉም ባንድነት በቅሏቸውን ሳይቀር የሚዋሹ ናቸው። መጽሐፉ እንደወጣ መንደርተኛው ተሰብስቦ አቃጠለው ይባላል። ኋላ ግን መጽሐፉ ስም አገኘ። የሳንቲያጎ ተሳላሚዎች የሚሄዱበት የእግር መንገድ በመንደሩ መሃል ስለሚያልፍ፣ ያነበበ ሁሉ ቦርሳውን አዝሎ እየመጣ የውሸታሞቹ ቤት የት እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። መንደርተኛውም አሰበበት። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት ስለ አያቱ የተጻፈውን ስድብ በሴራሚክ አጽፎ በሩ ላይ ሰቅሏል።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። በአያቱ ሙገሳ የሚኖር ሕዝብ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም ራሴ ያለሁበት ነው። በአያቱ ስድብ የሚኖር ሕዝብ ማየት አማረኝ።

አብረውኝ የሄዱት የእናቴ ታናሽ እህት፣ እትዬ ዘነበች ናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ ከልጃቸው ከብሌን ጋር ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ካምቤል ድረስ ሄደው በወንዙ ዳር በእግራቸው ይዞራሉ። ስለ ልብ ወለዱ ስነግራቸው ግማሹን አልሰሙኝም።

«መንገዱ በእግር ነው?» አሉኝ።

«በእግር ነው።»

«እንግዲያው አለሁበት። ሰው በመኪና ሄዶ ተሳለምኩ ሲል ያናድደኛል።»

አሥራ አንድ ሰዓት በአውሮፕላን እንደምንበር አላስታወስኳቸውም። እሳቸው በልጅነታቸው ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሽ ታደሰ ጋር ከደሴ ግሸን ማርያም ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ያዩትን መንገድ ሁሉ የሚለኩት በዚያ ነው።

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቴ ደሴ ላይ ስታርፍ ለእኔ ሳይነገረኝ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። የዜግነት ቃለ መጠይቅ ነበረብኝ፤ «እሱ ይለፍለት» ተብሎ ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት በሳቅኩት ሳቅ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት የነበሩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ከዚያ በኋላ መርዶን ስለ መደበቅ ረጅም መጣጥፍ ጻፍኩ። ትልቁን ሰው እንደ ሕፃን መቁጠር ነው አልኩ፤ ሐዘንን ከባለቤቱ መስረቅ ነው አልኩ። ብዙ ሰው አነበበው። እትዬም አንብበው «አማርኛህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

ቅዳሜ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥተን እሁድ ማድሪድ ገባን። የእትዬ ሻንጣ ተከፍቶ ሁለት ኪሎ በሶ ወጣ። ፈታሹ ዱቄቱን አሸተተ፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሸተተ። እትዬ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ነክተው ቀመሱና «ብላ፣ አይገልህም» አሉት በአማርኛ። ፈታሹ አልበላም፤ ግን ሻንጣውን ዘጋላቸው። ያረፍንበት ክፍል መስኮት ከአንድ ክንድ በማይርቅ ግድግዳ ላይ ይከፈታል። እራት የሚቀርበው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው። ቀደም ብለን ሄደን ባዶ ምግብ ቤት ውስጥ እንደ ባለጉዳይ ተቀመጥን።

ሰኞ በአውቶቡስ ወደ ቡርጎስ ሄድን። ከማድሪድ ሲወጡ አገሩ ቡናማ ነው። የታጨደ ማሳ፣ ዝቅ ያለ ሰማይ፣ ሰው የሌለበት መንደር፣ ደግሞ የታጨደ ማሳ። ጥቅምት ማለቂያው ነበር። እትዬ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩና «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉ። ወደ ከተማ አልኳቸው። «ልክ እንደኛ» አሉ።

ቡርጎስ ላይ የተሳላሚ ደብተር ሰጡን፤ ባደርንበት ሁሉ ማኅተም ይመታበታል። እትዬ ደብተሩን ገለባብጠው አዩት። «እግዜር ማኅተም ይጠይቃል እንዴ? ይሄማ የኢሚግሬሽን ፋይል ነው» አሉ። ቢሆንም ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያም በየደረስንበት ማኅተም የሚጠይቁት ከእኔ ቀድመው ነበር።

ማክሰኞ መሄድ ጀመርን፤ ዝናቡም ጀመረ። ቀስ ብሎ ገብቶ የማይወጣ ዓይነት ዝናብ ነው፤ ጫማን ሳይሆን ሐሳብን የሚያረጥብ። እትዬ ከፊት እየሄዱ ስለ ግሸን ያወራሉ። ጋሽ ታደሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው፣ እግራቸው ቆስሎ አላለቅስም ብለው ከንፈራቸውን ነክሰው፣ መጨረሻ ላይ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ «ዘኔ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ብሳለምስ?» ማለታቸውን ነገሩኝ። እትዬ አዝለው አወጧቸው። «እስከ ዛሬ ስደውልለት የማነሣበት እሱን ነው። ከዚህ ስመለስ ደግሞ፣ አንተ አንድ ተራራ አቃተህ፣ እኔ በስተርጅና ስፔንን ፈጀሁት እለዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ የተሳላሚ ማረፊያ ደርሰን፣ እትዬ ገንዳ ላይ እግራቸውን ሲታጠቡ ስልኬ ጮኸ። ብሌን ነች። ብሌን ነርስ ነች፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ የተረጋጋ ነው፤ ያን ቀን ከመጠን በላይ ተረጋግቶ ነበር።

«ሶል፣ እማዬ አጠገብህ ናት?»

«እግራቸውን እየታጠቡ ነው።»

«ስፒከር ላይ አይደለሁም አይደል? ወጣ በል።»

ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም ሐበሻ ያውቀዋል።

«ጋሼ ታደሰ ዛሬ ጠዋት... ሃርት አታክ ነው የሚሉት። ቁርስ እየበላ እያለ። አይም ሶ ሶሪ፣ ያንተም አጎት ነው።»

ዝናቡ የሚወርድበትን የቆርቆሮ አሸንዳ ሳይ ቆየሁና «ልንገራቸው» አልኩ።

«ኖ! አር ዩ ክሬዚ? እዚያ ሜዳ ላይ? ፕሬዠር እንዳለባት ታውቃለህ። አንድ ነገር ብትሆን ማን ሊደርስላት ነው? ቅዳሜ ትመጣላችሁ፣ እሁድ ጠዋት ሰው ይሰበሰባል። ጋሽ ግርማን ኮል አድርጌያቸዋለሁ። ኦልሬዲ አሬንጅ ተደርጓል።»

ጋሽ ግርማ በእኛ አካባቢ መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌ ናቸው። የእናቴንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ብሌን፣ ስለዚህ ነገር የጻፍኩትን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። ፕሊስ፣ ለአራት ቀን ብቻ ራይተር አትሁን።»

ስመለስ እትዬ እግራቸውን በፎጣ እያደረቁ «ማነው?» አሉኝ።

«ብሌን ናት። ሰላም ትላለች።»

ውሸቱ ሲወጣ አልከበደኝም። ዘጠኝ ዓመት የሰበክኩት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተከራከረልኝም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ዛሬ ደክመዋል፤ ዛሬ ረጥበዋል። የእናቴን መርዶ የደበቁብኝ ሰዎችም ማታ ማታ ለራሳቸው ይህንኑ ይሉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መረዳቴ ግን ምንም አላጽናናኝም።

ሻወር ገባሁ። በነዚህ ማረፊያዎች ውሃው የሚመጣው ግድግዳ ላይ ያለ ቁልፍ ሲጫኑ ነው፤ ጥቂት ወርዶ በራሱ ይቆማል። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ጀርመኖች ተራ ይጠብቃሉ። ማልቀስ የምችለው ውሃው ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። ውሃው ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ጋሽ ታደሰ ብስክሌት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

ረቡዕ ጾም ነው። ምሳ ላይ የአትክልት ሾርባ አዘዝን፤ ከሥሩ አሳማ ወጣ። ባቄላ አዘዝን፤ ባቄላውም ውስጥ አሳማ አለ። «እነዚህ ሰዎች አሳማን እንደ ጨው ነው የሚያደርጉት» አሉ እትዬ፤ በሶ በጥብጠን ጠጣን። አስተናጋጇ ብርጭቆውን አይታ መድኃኒት መሰላት መሰለኝ፣ ሙዝ አምጥታ በነጻ ሰጠችን።

ያን ጊዜ፣ ጠዋት ያሰብኩትን «ምሳ ላይ እነግራቸዋለሁ» ወደ «ማታ እነግራቸዋለሁ» አዛወርኩት። ማታ ሳይደርስ ግን የከዘራው ነገር መጣ።

አንድ መንደር መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ የጋራዡን በር ከፍቶ ከዘራ ይሠራል። እጀታው የታጠፈ፣ ጫፉ ብረት የተገጠመለት፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው ያለን ይመስለኛል። እትዬ አንዱን አነሡ፣ መሬት ወጋ ወጋ አደረጉት፣ ሌላ አነሡ።

«ለእርስዎ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን ሆኜ? ለታዴ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ከዘራ ያዝ ሲሉት አላረጀሁም ይላል። የስፔን ነው ካልኩት ግን ለኩራት ብሎ ይይዘዋል።»

ሽማግሌው በእጁ ቁመት ጠየቀ። እትዬ አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ቁመትህ እሱን ነው። ና ቁም እስቲ። ቀጥ በል እንጂ፣ ምን ያጎብጥሃል?»

ቆምኩ። ሽማግሌው ከዘራውን ከወገቤ አስጠግቶ በእርሳስ ምልክት አደረገበት፤ ቆረጠ፤ ብረቱን ገጠመ። እንደገና አስያዘኝ። እትዬ ራቅ ብለው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝና «ልክ ነው» አሉ። እኔ ለሞተ ሰው ከዘራ እየተለካሁ፣ ገዥዋ ፈገግ እያሉ፣ ሠሪው ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብሎ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ በዚያ ጋራዥ ውስጥ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። «ቆንጆ ነው» አልኩ።

ማታም አልነገርኳቸውም። ከዘራው ከተገዛ በኋላ መንገር ከበፊቱ ሁለት እጥፍ ከበደ። የመደበቅ ክፋቱ ይህ ነው፤ በየቀኑ ወለድ አለው።

ሐሙስ ቪያርሜዶ ገባን። ጭጋግ ስለነበር መንደሩን ያየነው ውስጡ ከገባን በኋላ ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ላየው የምመኘው ቦታ ነው፤ ስለዚህ በአግባቡ ልግለጸው። አንድ ድመት ነበረ። ስድቦቹ እንደተባለው በየበሩ ላይ አሉ፤ ነጭ ሴራሚክ፣ ሰማያዊ ጽሑፍ፣ ዳር ዳሩ አበባ። እዚህ ቤት ድንበር ገፊው ይኖር ነበር። እዚህ ቤት ምስክርነቱን በሁለት ፍየል የሸጠው። ከቤቶቹ አብዛኞቹ የተቆለፉ ናቸው፤ የተሰደቡትም፣ ልጆቻቸውም የሉም፤ ስድቡ ብቻ ቀርቷል። አደባባዩ ላይ የነሐስ በቅሎ ቆማለች፤ መንደርተኛው የሚዋሻት በቅሎ ናት፤ ጆሮዋ ተሳላሚው ሁሉ እየያዘ ሚስጥር ሲነግራት ተወልውሎ ያበራል።

ለእትዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። በቅሎዋ ጆሮ ሥር ሄደው በእጃቸው ከለሉና አንድ ነገር አንሾካሾኩላት፤ ከዚያ በራሳቸው ቀልድ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አንሣኝ፣ አንሣኝ፤ ለታዴ እልክለታለሁ» አሉ። አነሣኋቸው። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አልከፍተውም።

ያረፍነው ሴኞራ ኤልቪራ የምትባል ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ቤት ነው። በበሯ ላይ የተሰደበችው ያችኛይቱ፣ ለሚያጣጥር ሰው ወይን የምታቀጥነው ሴትዮ ናት፤ አያቷ ነበረች። ኤልቪራ አሳማ እንደማንበላ በምልክት ስናስረዳት አልገረማትም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ደረቅ ዳቦና ቀይ በርበሬ ያለበት ሾርባ ሠራችልን። ሥጋ የለበትም። እትዬ ጠረኑን ሲያሸቱ «ይህቺ የኛ ሰው ናት» አሉ፤ በልተው ሊያርፉ ወደ ፎቅ ወጡ።

እኔ ሳህኔን አልነካሁም። ኤልቪራ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ስልኳን አወጣች፣ ተናገረችበት፣ ትርጉሙን አዞረችልኝ። ሾርባው መጥፎ ነው ወይ ይላል። እኔም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ለምን ለእሷ እንደነገርኳት ያኔ አሳማኝ ይመስለኝ ነበር፤ እንግዳ ነች፤ ቋንቋ የለንም፤ ነገ እንሄዳለን። የሴትዮዋ ወንድም ሞቷል፣ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ፣ ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ወደ ስፓኒሽ ሲያዞረው «አታውቅም» የሚለውን እንዳልተወው አይቻለሁ። ኤልቪራ አነበበች፤ አማተበች፤ ሳህኔን አንሥታ ሾርባውን አሙቃ መለሰችልኝ። ነገሩ በዚያ አለቀ ብዬ ተኛሁ፤ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ያላሰብኩት ነገር ይህ ነው። በእኛ ዘንድ «አታውቅም» ማለት «አንቺም እንዳታሳውቂ» ማለት ነው፤ ማንም አያስረዳህም፣ ከእናት ጡት ጋር ትጠባዋለህ። ለኤልቪራ ግን «አታውቅም» ማለት ሌሊቱን ይነግራታል ማለት ነበር። ሌላ ምን ይታሰባል? የአክስቱን ወንድም ሞት ይዞ የሚተኛ ሰው አለ?

ዓርብ ጠዋት እትዬ ቀድመውኝ ወርደው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ኤልቪራ ከማእድ ቤት ወጣች። ትናንት አበባ ያለበት ሽርጥ ነበር ያሸረጠችው፤ ዛሬ ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። ምንም ሳትናገር ጎንበስ ብላ እትዬን አቀፈቻቸው። ጉንጯን ጉንጫቸው ላይ አድርጋ፣ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ ቆየች።

እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። በኤልቪራ ትከሻ ላይ እኔን አዩኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ገብተው የወጡ ሴት ናቸው፤ እንደዚያ ተደርጎ የሚታቀፈው ማን እንደሆነ ማንም አያስተምራቸውም።

«ማነው?» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩ፤ አልተቀመጥኩም።

«ብሌን ናት?»

«ኧረ አይደለችም! ብሌን ደህና ናት።»

«ታዴ ነው።»

አዎ ማለትም አላስፈለገኝም። ኤልቪራ ነገሩ ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ኋላ አለች።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

እትዬ ቀኖቹን በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ። ረቡዕ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ከዘራውን ስገዛ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ቆመህ ተለካህልኝ።»

ነጠላ ስላልለበሱ የዝናብ ልብሳቸውን ቆብ ወደ ዓይናቸው ሳቡት። አልጮኹም። የሚጮኹበት ሰው የለም። ከቆቡ ሥር እንዲህ አሉኝ።

«የናትህ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን እኔ የተኛሁ ይመስልሃል? አንተን ማታ ማታ በስልክ አስቅህ ነበር፣ ዘግቼ አለቅስ ነበር። አንተ ግን ጽሑፍ ጻፍክብኝ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አማርኛው ጥሩ ነበር» አሉ።

ኤልቪራ ጠፋች። እኔ አፍራ የሸሸች መሰለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስት አሮጊቶችና አንድ ሽማግሌ አስከትላ ተመለሰች፤ እንደሚመስለኝ ክረምቱን መንደሩ ውስጥ የሚያድረው ሰው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ወንበር ከግድግዳው ጋር ደረደሩ። ተራ በተራ የእትዬን እጅ ይዘው ተቀመጡ። ማንም አላወራም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። ሽማግሌው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። በየበራቸው ውሸታም ተብለው የተጻፈባቸው ሰዎች ናቸው። እትዬ ቆባቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋቸውና «እነዚህስ ለቅሶ ያውቃሉ» አሉኝ፤ ከዚያ ነው መንሰቅሰቅ የጀመሩት፤ በዝግታ፣ እንግዳ ቤት እንደሚለቀስ ለቅሶ። ኤልቪራ ወይን አቀረበች። ቀምሼዋለሁ፤ ውሃ የለበትም።

የኤልቪራ ዘመድ በመኪናው ቡርጎስ አደረሰን፤ ክፍያ አልቀበልም አለ። አውቶቡሱ ውስጥ ለብሌን ልደውል ስልኬን ሳወጣ እትዬ እጄን ያዙኝ።

«እንዳትነግራት።»

«ምኑን?»

«ማወቄን። እሁድ ሰው ይመጣል አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ያሳደግኳት ልጅ አይደለችም? ግርማ ፈረቃ ቀይሯል፤ ሴቶቹ ምግብ ጀምረዋል። ለኔ ብለው ነው። አውቄያለሁ ብዬ ድካማቸውን ከንቱ ላድርገው?»

«እትዬ፣ ይሄማ ቀልድ ነው። በሚደብቁብዎ ሰዎች ላይ እኛም ልንደብቅባቸው ነው?»

«አንተ ከኋላ ቁም። ፊትህ አይታመንም።»

ቅዳሜ በአየር ላይ አለፈ። እትዬ ከማድሪድ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ በመስኮቱ በኩል ምንም የሌለበትን ሲያዩ ነበር። በሶውን አልነኩትም። ከዘራውን ወደ ውስጥ አናስገባም ብለውን ከሻንጣ ተለይቶ ስለተጫነ ዘግይቶ ወጣ፤ ብሌን እናቷን ይዛ ስትሄድ እኔ ቆሜ ጠበቅኩት። በሻንጣ ማመላለሻው ጥቁር ቀበቶ ላይ ብቻውን እየተንከባለለ መጣ። ወደ ኦክላንድ ይዤው ሄድኩ።

እሁድ ንጋት ላይ ሳን ሆዜ ደረስኩ። የብሌን አፓርትመንት መኪና ማቆሚያ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው በጥቁር ልብስ በሹክሹክታ ያወራል። ጋሽ ግርማ እጄን ጨብጠው «አይዞህ። ጠርጥረዋል እንዴ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። ይኸኛውን ሳልጨነቅ ዋሸሁት።

«ደግ አደረግህ። ያኔ ስለ መርዶ ስትጽፍ ግን ትንሽ አስቀይመኸን ነበር።»

ደረጃውን ወጣን። ብሌን ከፈተች። እትዬ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ሸፍነዋል፤ አንድም አስተዋይ ሰው ቢኖር ያ ብቻ ይበቃው ነበር። እኔ እንደታዘዝኩት ከኋላ ቆምኩ። ሲያስመስሉ ለማየት ነው የመጣሁት፤ ይህን መካድ አልችልም። ለመጣጥፍ የሚሆን ነገር ነው እያልኩ ነበር።

ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንግዲህ የሰው ልጅ...»

«ታዴ!» አሉ እትዬ።

ስሙ ገና አልተጠራም። ጋሽ ግርማ ዞረው አዩኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ሌላ ማንም ልብ አላለውም፤ ምክንያቱም የወጣው ድምፅ የማስመሰል ድምፅ አልነበረም። እትዬ ሁለት ቀን ያወቁትን ሞት ያን ጠዋት ሰሙት። ቪያርሜዶ ላይ ያልተጮኸው፣ አውቶቡስ ላይ የታፈነው፣ በውቅያኖስ ላይ የተሻገረው ሁሉ ሰው ፊት እስኪደርስ ይጠብቅ ኖሯል። ሴቶቹ ከበቡ፤ ጩኸቱ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ረገብ ሲል እትዬ ዓይናቸውን ጠርገው በሰዎቹ መካከል ፈለጉኝና እጃቸውን ዘረጉ። ከዘራውን አሳልፌ ሰጠኋቸው።

«ይሄ ደግሞ የማነው?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«የታዴ ነው» አሉ፤ እጀታውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «በሱ ቁመት ነው ያስለካሁት።» በእጃቸው እኔን አመለከቱ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ለማልቀስ የምጫነው ቁልፍ አልፈለግኩም።